ፒያኖ ስትቃኙ ጆሯችሁን በምን ትጠብቃላችሁ?

ላ440 (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያኖ መቃኘት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ጆሮዬን ደፍኜ ሠርቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ገጠመኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቋሚ ፒያኖ ነው። ለዓመታት ማንም አልነካውም። ቅኝቱ ግማሽ ቶን ሊወርድ ምንም አልቀረውም ነበር። ከ220 በላይ ክር ማለት ነው እንግዲህ። እንዲህ የወረደ ፒያኖ በአንድ ዙር አይቃናም። መጀመሪያ ሁሉንም በጥድፊያ ከፍ ታደርጋለህ፣ ክሩ መልሶ ይወርዳል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ሦስት ዙር ፈጀብኝ። ክሩ ረግቶ እንዲቀመጥ ደግሞ ቁልፉን በኃይል መምታት የግድ ነው። ወፍራሙ ክር ላይ ችግር የለውም። ላይኛው ጫፍ ላይ ግን፣ ክሩ አጥሮ አጥሮ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆንበት ቦታ ስትደርስ፣ ሙዚቃነቱ ይቀርና ሚስማር መምታት ይሆናል። እኔ ደግሞ ክዳኑን ከፍቼ ቀኝ ጆሮዬን ወደ ክሩ አስጠግቼ የመሥራት ክፉ ልማድ አለብኝ።

ማታ ቤቴ ስገባ ቀኝ ጆሮዬ «ሲሲሲ» ይላል። ፍሪጁ መሰለኝ። ተነስቼ ሄጄ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩት። ፍሪጁ አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ አልተወኝም።

ሄጄ ተመረመርኩ። እስከ 3000 ኸርዝ ደህና ነው። 4000 ላይ የቀኝ ጆሮዬ መስመር ቁልቁል ወርዶ 40 ዴሲቤል ላይ ተቀምጧል፤ ድምፁ እስከዚያ ካልጎላ አልሰማውም ማለት ነው። 8000 ላይ መልሶ ቀና ይላል። ግራው ላይ ጉድጓዷ ገና ትንሽ ናት። የፒያኖው የመጨረሻ ቁልፍ 4186 ኸርዝ እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቀዳዳው እንጀራዬ ላይ ነው የወጣው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ጆሮን ደፍኖ መቃኘት ይቻላል? እኔ የምኖረው ሁለት ድምፅ አብሮ ሲመታ ያችን «ዋው ዋው» የምትል እርግብግቢት እየቆጠርኩ ነው። መሀል ላይ ያሉት ፋ እና ላ በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል ሲርገበገቡ ካልሰማሁ በምን ልቃኝ?


ድራመሩ (አዲስ አበባ)

እግዜር ይማርህ ወንድሜ። እኔ ባንድ ውስጥ ድራም እመታለሁ። ጥጥ ቫዝሊን ነካ አድርጌ እጠቀጥቃለሁ፣ በቃ። 6 ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ጆሮዬ ሲጮህ ደግሞ እናቴ ጤና አዳም ጨምቅበት ትለኛለች፣ ሃሃ። ሞክረው።


ኦዲዮግራም (ሚኒሶታ)

ድራመሩ፣ አደራህን አትሞክረው። ጤና አዳም ለቡና ነው የሚያምረው። ጆሮ ውስጥ የሚጨመቅ ነገር የለም፤ ታምቡርህ የተበሳ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ጥጡም ቢሆን የደፈንክ ይመስልሃል እንጂ ድምፁ እንደልቡ ያልፋል። «ምንም አልሆንኩም» ካልክ በኋላ «ጆሮዬ ሲጮህ» ማለትህን ግን ልብ ብለኸዋል?

ላ440፣ እኔ የመስማት ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ያንተ ዓይነት ወረቀት በየጊዜው ያጋጥመኛል። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አደን የሚወድ ሰው፣ ሙዚቀኛ። 4000 አካባቢ ገብቶ 8000 ላይ የሚመለስ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ የጩኸት አሻራ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። የሰው ልጅ የሞተውን መልሶ አያበቅልም። ስለዚህ የአሁኑን ጉድጓድ ስለመሙላት አንነጋገርም፣ እንዳይሰፋ ስለማድረግ ነው።

የጩኸት ሒሳቡ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ ናዮሽ የሚባለው የሥራ ላይ ጤና ተቋም ያስቀመጠው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት ነው ያለህ። 94 ላይ አንድ ሰዓት። 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ። አይፎን ከያዝክ የዚሁ ተቋም ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ። ጆሮህ በሚሆንበት ቦታ ያዘውና ላይኛውን ኦክታቭ እንደልማድህ ምታው። ከዚያ ራስህ ትፈርዳለህ።

አሁን ወደ መድፈኛው። ብዙ ሰው ኢርፕለግ ሲባል የሚመጣለት ስፖንጁ ነው። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይበልጥ ይበላዋል። ለዚህ ነው ሙዚቃው ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ የሚመስለው። ለሙዚቀኛ የተሠራው ሌላ ነው። 1988 ላይ ኢቲሞቲክ የሚባል ኩባንያ ኢአር-15 የተባለውን አወጣ። ነገሩ ረቀቅ ያለ ነው፦ የጆሯችን ቱቦ በተፈጥሮው 2700 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። ቱቦውን ስትደፍነው ያ ማጉላት ይጠፋል። መድፈኛው ውስጥ ያለው ማጣሪያ ያንን የጠፋውን እየመለሰ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ቀጭኑም ወፍራሙም ከሞላ ጎደል እኩል 15 ዴሲቤል ይወርዳል። ሬዲዮ እንደ መቀነስ ነው እንጂ ሬዲዮውን በጋቢ እንደ መሸፈን አይደለም። 9 እና 25 የሚቀንሱም ማጣሪያዎች አሉ፤ በጆሮህ ልክ በሚሠራው ቅርጽ ላይ ይቀያየራሉ።

በጆሮህ ልክ የሚሠራው እዚህ ከ150 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ነው። ዝግጁው፣ ያ ሦስት እርከን ያለው ጎማ፣ 20 እና 30 ዶላር ውስጥ ይገኛል።


ላ440

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አፑን አውርጄ ለካሁ። ላይኛው ኦክታቭ ላይ አማካዩ 97 አካባቢ ነው የሚመላለሰው። ደነገጥኩ።


ኦዲዮግራም

97 ላይ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው ያለህ። 15 ብትቀንስለት 82 ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ብትመታ ከልኩ በታች ነህ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «ትንሽ ላውልቅና ልስማ» የሚባለው ነገር ሒሳቡን ያፈርሰዋል። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ ስፖንጅ ያደረገ ሰው ከ8 ሰዓት ውስጥ አንዷን ሰዓት ብቻ ቢያወልቅ፣ በመጨረሻ የተረፈው ጥበቃ 9 ዴሲቤል ነው። ባታምነኝ ራስህ አስላው።


ጋሽ መዶሻ (አዲስ አበባ)

ልጄ ላ440፣ እዚህ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላዘወትርም። ያንተን ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፒያኖ ስቃኝ 34 ዓመት አለፈኝ። እዚህ ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ቅኝቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ጥቅምት ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይወርዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በቀን ሦስት አራት ፒያኖ እሠራ ነበር። መድፈኛ የሚባል ነገር ትዝ ብሎኝም አያውቅ። እንዲያውም ጆሮ የሚደፍን ቃኚ ብሰማ እስቅ ነበር መሰለኝ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ትምህርት ቤት ቃኝቼ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ አንዲት ተማሪ ልጅ ልትሞክረው ተቀመጠች። ወደ ቀኝ ጫፍ ሄደችና ቆም አለች። «ጋሼ፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ የቀሩ ይመስለኛል» አለችኝ። ተቆጣሁ። እውነቴን ነው፣ ልጅቷን ተቆጣኋት። ደግሜ መታሁት። ለኔ ደህና ነው። እሷ ምንም ሳትመልስ ስልኳን አውጥታ መቃኛ አፑን ከፈተችው። የላስቲክ ሽብልቋን ከኔው ሳጥን አነሳችና ክሮቹን አንድ በአንድ እየለየች አስመታችኝ። የአንዱ ቁልፍ ሦስቱም ክሮች ሦስት ቦታ ነበሩ።

ያኔ ነው የገባኝ። እዚያ ላይ ክሩን መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የምሰማው የእንጨቱን «ጠቅ» ብቻ ነበር። ቀሪውን አእምሮዬ ከልማድ ይሞላልኝ ነበር።

አሁን መሀሉንና ታችኛውን በጆሮዬ፣ ላይኛውን በዓይኔ ነው የምቃኘው። ስልኩ መስመሩን ያሳየኛል፣ እኔ አጠባብቃለሁ። ይሠራል። ግን ዓይን ክር አይሰማም።


ድራመሩ

ጋሼ፣ ይሄን አንብቤ ጥጡን አውጥቼ ጣልኩት። የምሬን ነው።


ክርና ሽብልቅ (ስቶክሆልም)

እኔም ቃኚ ነኝ። ጆሮዬን ደፍኜ መቃኘት ከጀመርኩ 9 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ የላ440ን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ። ይቻላል። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ያስጠላል። ውኃ ውስጥ ጠልቀህ የምትሠራ ነው የሚመስልህ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። ሁለት ሦስት ሳምንት ስትታገሠው አእምሮ ይለምደዋል።

እርግብግቢቷን አጣታለሁ ብለህ ፈርተሃል። አታጣትም። ፋ እና ላ የሚጋጩት 880 ኸርዝ አካባቢ ነው። ያ ድምፅ ደግሞ ማጣሪያውን እንደልቡ ነው የሚያልፈው፣ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ለኔ እንዲያውም ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፦ ላይኛው ክፍል ላይ ሦስቱን ክሮች አንድ ማድረግ ከድሮው ቀለለኝ። የመዶሻው ኳኳታ ጆሮን ሲያደነቁረው ከሥሩ ያለው ድምፅ ይደበቅ ነበር። አሁን ኳኳታው ሲወርድ ድምፁ ብቻውን ቀርቶ ይሰማኛል።

እንዴት ነው የምሠራው? በጣም ለወረደ ፒያኖ፣ ያ የጥድፊያ ዙር ላይ፣ ጆሮ አያስፈልግህም። ስፖንጁን ጥቅጥቅ አድርጌ፣ አፑን ከፍቼ፣ በዓይኔ አነሳዋለሁ። መሀሉን ሳወጣ 9ኙን። ከመሀል ወደ ላይ ስሄድ 15ቱን። ታችኛውን ወፍራም ክር አንዳንዴ ሁለቱንም አውልቄ ነው፤ ሳሎኑ ጠባብ ካልሆነ።

ግን ከአንድ ነገር ተጠንቀቅ። ጆሮህ ሲደፈን ሳታውቀው በኃይል መምታት ትጀምራለህ። ድምፁ ያነሰ ስለሚመስልህ። እኔ በሁለተኛው ወር የእጅ አንጓዬ አሞኝ ነው የነቃሁት። አሁን በጣቴ ስሜት ነው የምለካው እንጂ በጆሮዬ አይደለም።


ጋሽ መዶሻ

ስለ አመታቱ ክርና ሽብልቅ ትክክል ናት። አንድ ክር እስኪረጋ ሃያ ጊዜ የሚደበድብ ሰው አያለሁ። ክሩ የተጠመጠመበት ፒን በደንብ ካልተቀመጠ ብትደበድበውም አይረጋም። ፒኑን በእጅህ ካወቅከው ሁለት ሦስት ጠንካራ ምት ይበቃል። የሚያስፈልገው ተጫዋቹ ከሚመታው ትንሽ በልጦ መምታት ነው፣ ፒያኖውን መበቀል አይደለም።


ሳክስ በሌሊት (አትላንታ)

ቃኚዎቹ ታደላችሁ። ሳክስ ነፍታችሁ ሞክሩት እስቲ። ስፖንጅ አድርጌ ስነፋ የራሴ ጥርስና አጥንት ነው የሚጮኸው፣ ጭንቅላቴ በርሜል ይሆናል። ባንዱን አልሰማ፣ ራሴን ከመጠን በላይ። ሁለት ምሽት ሞክሬ ተውኩት። የባንዱ መሪም «ጆሮህን ደፍነህ ምን ልትጫወት ነው? ቤትህ ተኛ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ስፒከሩ ከኋላ፣ ሞኒተሩ ከፊት፣ ዲጄው ከጎን። ሌሊት 9 ሰዓት ስንወጣ እርስ በርስ እየጮህን ነው የምንነጋገረው።


ኦዲዮግራም

ሳክስ፣ ያ በርሜሉ የታወቀ ነገር ነው። ቱቦውን ደጃፉ ላይ ስትደፍነው የራስህ ድምፅ በአጥንት መጥቶ መውጫ ያጣና ውስጥ ይጮኻል። መፍትሔው ጠለቅ ማለት ነው። በልክ የሚሠራው ቱቦው አጥንት ወደሆነበት ክፍል እስኪደርስ ከገባ በርሜሉ በጣም ይቀንሳል። ቅርጹ ሲወሰድ ለባለሙያው ሳክስ እንደምትነፋ ንገረው። አፍህን ከፍተህ ነው የሚወሰደው፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ቱቦው ቅርጹን ይለውጣላ።

ስፖንጁን የምትጠቀሙም ብትሆኑ አብዛኛው ሰው አገባቡን አያውቅም። በንጹሕ እጅ ቀጭን አድርጋችሁ ጠቅልሉት። በሌላኛው እጅ፣ በጭንቅላታችሁ ኋላ አዙራችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። ከዚያ አስገቡና እስኪያብጥ 30 ሴኮንድ ያህል በጣት ያዙት። ግማሹ ውጭ ከታየ አልገባም።


ዘማሪት (አዲስ አበባ)

እኛ ኳየር ውስጥ አንድ ጆሮ ብቻ መድፈን ልማድ ነው። አንዱን ደፍነን በሌላው መሣሪያውን እንሰማለን። ይሄስ ይጎዳል? ኢን ኢር ሞኒተር፣ ያ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ሙዚቃውን የሚያሰማው፣ የሚያደርጉትም አንዱን አውጥተው ነው የሚዘምሩት።


ኦዲዮግራም

ያልተደፈነው ጆሮ ሙሉውን ይቀበላል፣ እህቴ። ኢን ኢሩ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ሲወጣ የቀረው አነስተኛ ስለሚመስል ቮልዩሙን ከፍ ያደርጉታል። ኢን ኢር በራሱ ጥበቃ አይደለም። ሁለቱም ገብተው ቮልዩሙ ሲወርድ ነው ጥበቃ የሚሆነው።


ድሮ ቀረ (ዱባይ)

ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው። አባቶቻችን ከበሮ ሲመቱ፣ አዝማሪው ጠጅ ቤት ሲያድር ማን ጆሮውን ደፈነ? እንዲህ ያለ ሙዚቀኛ ስልኩን ዘግቶ ቢተኛ ይሻለዋል።


አራት ክር (ለንደን)

ወንድሜ፣ መሲንቆና የ10 ኪሎ ዋት ስፒከር አንድ አይደሉም። የድሮው አዝማሪ ማይክ አልነበረውም።

የፈረንጅ ጣጣ ያልከው ግን እዚህ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክሪስቶፈር ጎልድሻይደር የሚባል ቫዮላ ተጫዋች ነበር፣ የሮያል ኦፔራ ሀውስ ኦርኬስትራ ውስጥ። 2012 ላይ የዋግነርን ኦፔራ ሲለማመዱ ከመለከቶቹ ፊት ነው ያስቀመጡት። ጆሮው ተጎዳ፣ ሥራውን ተወ። 2018 ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለሱ ፈረደ፤ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። መድፈኛ ተሰጥቶት ነበር፤ ያ ግን ኦፔራ ቤቱን አላዳነውም። ለሙዚቃ ሲባል ጩኸት ሊፈቀድ ይገባል የሚለው ክርክርም አላዋጣም። እዚህ የሥራ ቦታ ጩኸት ሕጉ ሙዚቃና መዝናኛውን ከ2008 ጀምሮ ይመለከታል።

እኔ ቫዮሊን ነው የምጫወተው። ቫዮሊን ከግራ ጆሮ በታች ነው የሚያርፈው። የኔም የሚጮኸው ግራው ነው። ስለዚህ ቤት ስለማመድ ግራውን 9፣ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለቱንም 15።


ድሮ ቀረ

እሺ፣ የ10 ኪሎ ዋቱን ተቀብያለሁ።


ሳክስ በሌሊት

ጥያቄ። ሠርግ አድሬ ጠዋት ጆሮዬ የታፈነ ይሆናል፣ ማታ ላይ ይከፈታል። ከተከፈተ ዳነ ማለት ነው?


ኦዲዮግራም

ምርመራው ላይ ሊመለስ ይችላል። ግን 2009 ላይ በአይጥ ላይ የወጣ ጥናት ነበር፤ መስማቱ ተመልሶ ሳለ ሕዋሱን ከነርቩ የሚያገናኙት ነጥቦች ግን ብዙዎቹ ጠፍተው ተገኙ። ሰው ጸጥ ባለ ክፍል ደህና ይሰማል፣ ሬስቶራንት ሲገባ ግን ወሬ መለየት ያቅተዋል። ታውቀዋለህ እንዲህ ያለ ሙዚቀኛ?

አንድ ለሁላችሁ፦ አንድ ጆሮ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድፍን ካለ፣ ሰም ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ሐኪም ጋ። መድኃኒቱ የሚሠራው በጊዜ ሲጀመር ነው። ሐኪም ጄንታማይሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ሲያዝላችሁም ሙዚቀኛ መሆናችሁን ተናገሩ፤ ጆሮ ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው።


ላ440

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ቅርጹን አስወሰድኩ። ጆሮ ውስጥ ክር የታሰረባት ትንሽ ስፖንጅ ይከቱና ቀዝቃዛ ሊጥ የመሰለ ነገር ይሞሉበታል። አምስት ደቂቃ ያህል ደንቁረህ ትቀመጣለህ። ሲያወጡት የጆሮህን ውስጥ በእጅህ ትይዘዋለህ፣ ትንሽ ይዘገንናል። መድፈኛው በፖስታ መጣ፤ ቀይ ነጥብ ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ።

የመጀመሪያው ፒያኖ አሳፈረኝ። መሀሉን ሁለት ጊዜ ነው ያፈረስኩት። ባለቤቷ ቡና ይዛ መጥታ የሆነ ነገር አለችኝ፣ አልሰማኋትም፣ ትከሻዬን ስትነካኝ ዘለልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ክርና ሽብልቅ ያልሽው ሆነ። ላይኛው፣ ሲኒ እንደ መንካት፣ ጥርት ብሎ መጣ። ትናንት ሁለት ፒያኖ ሠርቼ ገባሁ፣ ማታ ፍሪጁን ሰማሁት። ፍሪጁ ራሱ ነበር። የድሮዋ «ሲሲሲ» አልጠፋችም፤ ጸጥ ሲል አለች። ግን አልጨመረችም።

ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለኝ። በልክ የሚሠራው ያለ እርስዎ ጆሮ አይሆንም፣ ዝግጁውን ጥንድ ልላክልዎት? ትልቁን ነው ትንሹን?


ጋሽ መዶሻ

ተባረክ ልጄ። ለኔ የሚጠበቅ ብዙም አልቀረም። ግን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፣ 22 ዓመቱ ነው፣ ላይኛውን ሁሉ እሱ ነው አሁን የሚመታልኝ። ጆሮው ጠባብ ነው ብሎኛል። ትንሹን ላክለት።